የልጆቻችን ስልክና መልካቸው፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ወላጆች፣ አንዳንዴም ልጆቹ ራሳቸው በብዛት የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

ልጄ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት ቢቆይ ነው «በዛ» የሚባለው?

ለሁሉም ልጅ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። መነሻ የሚሆን ግን አለ። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና አማካሪ ሐኪም በ2023 እ.ኤ.አ. ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆዩ ታዳጊዎች እንደ ድብርትና ጭንቀት ላሉ ችግሮች የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ ነው ይላል። 3 ሰዓት ካለፈ ቆም ብላችሁ ተነጋገሩበት።

እኔ ግን ከሰዓቱ በፊት የማየው ስልኩ ምን እንዳስቀረ ነው። ኳስ የሚወድ ልጅ ኳሱን ተወ? ምሳ ሲቀርብ «መጣሁ» ብሎ ይቀራል? ጠዋት ጠዋት እሱን መቀስቀስ ትግል ሆኗል? በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት ላይ ለትምህርት የሚነሳ ልጅ ከዚህ ግማሹን እንኳ ቢያገኝ ነው። ቀን ላይ ሲነጫነጭና ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ «ሰነፈ» እንለዋለን። እንቅልፍ አጥቶ ነው።

ትክክለኛው ሰዓት ስልኩ ውስጥ ተመዝግቧል። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ»፣ አይፎን ከሆነ «ስክሪን ታይም» የሚል አለ። ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ክፈቱት። የራሳችሁንም አሳዩት።

በስንት ዓመቱ ነው አካውንት መክፈት የሚፈቀድለት?

ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክና ስናፕቻት ሁሉም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ዓመት ነው ይላሉ። አውስትራሊያ ይህ አይበቃም ብላ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። ሕጉ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

እኛ ጋ ግን ብዙ ወላጅ ያላስተዋለው ሌላ ነገር አለ። ልጆች አካውንት ሲከፍቱ የተወለዱበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይሞላሉ። በ2004 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ «2004» ብላ ከሞላች፣ ቲክቶክ በፈረንጆቹ 2004 የተወለደች ወጣት አድርጎ ይይዛታል። ዕድሜዋ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ለልጆች ተብለው የተሠሩት መከላከያዎች ለእሷ አይሠሩም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አካውንቱን የተፈቀደለት ሰው ብቻ የሚያየው ያደርጋል፣ የግል መልእክትም አይፈቅድም። ከ18 በታች ለሆነ ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላ ያስጠነቅቃል። ኢንስታግራምም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት አለው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕድሜው ልክ ሲሆን ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ አብራችሁ እዩት። ዓመቱን ማስተካከል ካስቸገረ አሮጌውን ዘግቶ በትክክለኛው ዕድሜ አዲስ መክፈት ይቀላል።

ማቆም ያቃታት ለምንድን ነው? ስንፍና ነው?

አይደለም። ገጹ መጨረሻ እንዳይኖረው ሆኖ ነው የተሠራው። ድሮ አንድ ገጽ አንብበን ስንጨርስ «ቀጣይ» የሚለውን እንጫን ነበር፣ እዚያ ላይ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያንን ማቆሚያ ያስቀረውን አሠራር ነደፈ፣ በኋላ ግን ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል።

ሁለተኛው ነገር ቀጥሎ የሚቀርብላት ቪዲዮ አመራረጥ ነው። ልጅቷ አንድ ቪዲዮ ላይ ትንሽ ቆየት ካለች ስልኩ ይመዘግበዋል። «ቡግር እንዴት ይጠፋል» ብላ አንዴ ፈልጋ ከሆነ፣ በማግሥቱ ገጿ በቆዳ፣ በክሬምና በጥርት ያለ ፊት ይሞላል። ላይክ አላደረገችም፣ ኮሜንት አልጻፈችም። ማየቷ ብቻ በቂ ነው። በዚህ ላይ ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያበቃው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ትልልቅ ሰዎችም የምናውቀው ፈተና ለ14 ዓመት ልጅ ሲቀርብ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የእኛ አገር ልጆች ላይ ደግሞ የሌሊት ጥቅል አለ። ሌሊት ዳታ ይረክሳል። ኪሷ ውስጥ ትንሽ ብር ያላት ልጅ የምትገዛው እሱን ነው፣ ገዝታ ደግሞ ሳትጨርሰው አትተኛም። ጥቅል የምትገዙላት እናንተ ከሆናችሁ የቀኑን ግዙላት። 

እኛ የምንኖረው ከተማው ዳር ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል?

በጣም ያመጣል። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ሲነሳ ግን ብዙም አልሰማም።

ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ የካ አባዶ የገቡ ቤተሰቦችን አስቡ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ዳር የመጡትንም ጨምሩ። ወላጅ ቤት አገኘ። ልጁ ግን አብሮ አደጎቹን፣ ኳስ የሚጫወትበትን ኮብልስቶን፣ በስሙ ጠርታ «ና ቡና ቁርስ ብላ» የምትለውን ጎረቤት አጣ። አዲሱ ብሎክ ላይ ገና ማንም ማንንም አያውቅም። ሜዳው ወይ ታጥሯል ወይ ግንባታ ተጀምሮበታል። እናትና አባት ሥራቸው መሀል ከተማ ስለሆነ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥተው ታክሲ ይሰለፋሉ፣ ሲመለሱ መሽቷል። ልጁ ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ላይ ገብቶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻውን ነው። «በሩን ቆልፍ፣ እንዳትወጣ» ተብሏል። በዚህ ሰዓት ከስልኩ ሌላ ማን አለው?

ስለዚህ ስልኩን መቀነስ ብቻውን አያዋጣም። ከ10 እስከ 2 ያለው ሰዓት ሰው ይፈልጋል። በአንድ ብሎክ ያሉ ሦስት አራት ወላጆች ተነጋግረው ልጆቹ ተራ በተራ አንድ ቤት ተሰብስበው እንዲያጠኑ ማድረግ ይችላሉ። ቤት የምትውል አንዲት አክስት ወይም አያት ካለች ይበቃል። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ መዘምራን፣ የወረዳው ወጣት ማዕከል፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ የተገኘው ሁሉ ይረዳል። የድሮ ጓደኛው ሌላ ዳር ደርሶት ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አገናኟቸው። ከቱሉ ዲምቱ አያት ድረስ የሚከፈለው የታክሲ ሂሳብ ከንቱ ወጪ አይደለም።

ልጄ በመልኳ ማፈር ጀምራለች። ከስልኩ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ሀውገን የተባለች የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይፋ አድርጋ ነበር። በአንዱ ላይ የኩባንያው ተመራማሪዎች ራሳቸው፣ ኢንስታግራም ከሦስት ታዳጊ ልጃገረዶች በአንዷ ላይ ስለ ሰውነቷ ያላትን መጥፎ ስሜት እንደሚያባብስ ጽፈዋል። ቃሉ «ያባብሳል» ነው። በራሷ መተማመኗ ቀድሞ የተጎዳ ልጅ ላይ ይከፋል፣ ሌላዋ ደግሞ አይታ ታልፈዋለች። አንድ ቤት ያደጉ ሁለት እኅትማማቾች እንኳ አንድ ዓይነት አይጎዱም።

በዚህ ዕድሜ ስለ መልክ መጨነቅ በራሱ በሽታ አይደለም። እኛም መስታወት ፊት ቆመናል። ልዩነቱ የምንወዳደረው ከክፍላችን ልጆች፣ ቢበዛ ከሰፈራችን ቆንጆ ጋር ነበር። እነዚያም ሲያስነጥሱ፣ ሲያለቅሱ፣ ፀጉራቸው ሳይሠራ እናያቸዋለን። የዛሬዋ ልጅ የምትወዳደረው ሥራቸው መታየት ከሆነ ሰዎች ጋር ነው። ከመቶ ፎቶ ተመርጦ፣ መብራት ተተክሎለት፣ ፊልተር ገብቶለት ከወጣው ጋር። እሷ ያላት ደግሞ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት መስታወትና አንድ አምፖል ነው።

የምታዩት ምልክት እንዲህ ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ፎቶ ላይ አልገባም ማለት፣ ሙቀት ሳለ ሹራብ አለማውለቅ፣ ጭምብል እያደረጉ ትምህርት ቤት መሄድ፣ አንድ ፎቶ ለጥፎ ላይክ እስኪገባ ስልኩን አለማስቀመጥ፣ ካልገባ ደግሞ ማጥፋት። እንዲህ ስታዩ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» ብላችሁ ለማለፍ አትቸኩሉ። አታምናችሁም። «ማንን አይተሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የምታየውንም አብራችሁ እዩ። እሷ ስታሳያችሁ ራሷ ማስተዋል ትጀምራለች።

ፊልተር ምን ችግር አለው? ጨዋታ አይደለም?

ጆሮና አፍንጫ የውሻ የሚያደርገው ጨዋታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ሌላኛው፣ «ምንም አልተቀየረም» የሚያስብለው ነው። ፊትን ያቀላል፣ አፍንጫ ያቀጥናል፣ ዓይን ያጎላል፣ አገጭ ያሾላል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ራሷን በዚያ ካየች በኋላ ማታ እውነተኛ ፊቷን ስታይ የጎደለ ነገር ያለ ይመስላታል። ምንም አልጎደለም።

የእኛን ልጆች የሚጎዳው ሌላው ነገር፣ ብዙዎቹ ፊልተሮች የሚጎትቱት ወደ አንድ ዓይነት ፊት መሆኑ ነው። ቀላ ያለ፣ አፍንጫው ቀጭን። ጠይም ልጅ ፊልተሩን በከፈተች ቁጥር ቆዳዋ «ሲስተካከል» ታያለች። ቲክቶክ ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ መልክን የሚቀይሩ አንዳንድ ፊልተሮችን ከ18 ዓመት በታች ላሉት እንደሚገድብ አስታውቋል። ይህም የሚሠራው የልደት ዓመቱ በትክክል ከተሞላ ነው።

ወንድ ልጆችስ?

እነሱም አሉበት፣ የሚናገሩት ግን ትንሽ ነው። የወንዶቹ ጭንቀት ጡንቻ፣ ቁመትና ፂም ነው። የ15 ዓመት ልጅ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ጂም ገብቶ በሁለት ወር ሲክስ ፓክ ካላወጣ ራሱን ይጠላል። ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ የሆርሞን መርፌ ሊወጋ እንደሚችል አይነገረውም። እንዲህ ያለው መርፌና ኪኒን ለታዳጊ አደገኛ ነው፤ አጥንቱ እድገቱን ሳይጨርስ ሊያስቆመውም ይችላል። «ቁመት ይጨምራል» ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠውም አይሠራም። ቁመት በአብዛኛው ከዘርና በልጅነት ከተበላው ምግብ ነው።

ስፖርቱን አትከልክሉት። ለምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚውጥና ማንን እንደሚከተል ጠይቁት። «አጭሩ» እያሉ መጥራትም ይቁም።

ቤት ውስጥ «ወፍሬ»፣ «ጥቁሬ» እያልን በፍቅር ነው የምንጠራት። ይህ ይጎዳል?

በፍቅር እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ከ11 እና 12 ዓመት በኋላ ቃሉ ሌላ ክብደት ይይዛል። ለቅሶ ቤት፣ ልደት፣ ዓመት በዓል ላይ ዘመድ ሲገናኝ የመጀመሪያው ሰላምታ «ውይ! እንዴት ወፈርሽ!» ወይም «ምነው ከሳሽ፣ ጠቆርሽ?» ነው። ለትልቅ ሰው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ለ14 ዓመት ልጅ ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሰውነቷን መሆኑን የሚያረጋግጥላት ምስክር ነው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ የነገራትን እትዬ እከሊት ማታ ደገመችው።

እናት ከሆናችሁ የራሳችሁንም አፍ ጠብቁ። መስታወት ፊት ቆማችሁ «ይሄ ሆዴ…» ስትሉ ትሰማለች። ዘመድን ማስቆም ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን «እስቲ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት፣ ዘንድሮ ፊዚክስ ላይ ጎበዝ ሆናለች» ብሎ ወሬውን መቀየር ማንንም አያስቀይምም።

ስልኩን ብቀማውስ?

ለጥቂት ቀን ይሠራ ይሆናል። ከዚያ በጓደኛው ስልክ፣ በሁለተኛ አካውንት ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንድ ነገር ቢደርስበት «ስልኬን ይቀሙኛል» ብሎ አይነግራችሁም። በ2015 ዓ.ም. ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ለወራት ተገድበው በነበረ ጊዜ እገዳ ማለፊያውን ቪፒኤን ከእኛ ቀድመው የተማሩት ልጆቹ ናቸው። በር መዝጋት ብቻ እንደማያቆማቸው ያኔ አይተናል።

አንድ ሕግ ብቻ አውጡ ብባል የማታውን እመርጣለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ላይ ያድራል። የአባትም፣ የእናትም። «ለአላርም እፈልገዋለሁ» ካለ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት። ይህ አንድ ሕግ እንቅልፉን ይመልሳል፣ የሌሊቱን ብቸኛ ስክሮልም ያስቀራል። ሰው ራሱን ከሌላው ጋር አብዝቶ የሚያወዳድረው በዚያ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ውጭ ቲክቶክ ላይ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚል አለ፣ የእናንተን አካውንት ከልጁ ጋር አገናኝቶ ሰዓት ለመገደብ ይረዳል። ከልጁ ተደብቃችሁ አታድርጉት። ልጁ ካደገ በኋላ ወደ እናንተ የሚመለሰው በእናንተ ላይ ባለው እምነት ነውና።

እኔ 16 ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ይለጥፋሉ፣ እኔ ግን ፎቶ ላይ አፍንጫዬን ስለምጠላው አልችልም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ስለ አፍንጫሽ። ሰልፊ ላይ የምታይው አፍንጫ ያንቺ ልክ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የሐኪሞች ጥናት፣ ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ የተነሣ ፎቶ ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። ለካሜራው ቅርብ የሆነው ነገር ይገዝፋል። እጅሽ አጭር ስለሆነ እንጂ አፍንጫሽ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ጓደኛሽ ሁለት እርምጃ ርቃ ታንሣሽ፣ ልዩነቱን ታይዋለሽ።

ቀጥሎ ገጽሽን አጽጂው። አይተሽ ስትጨርሺ ራስሽን የምትጠዪበት አካውንት የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሰውዬዋ መጥፎ ሆና አይደለም፣ ላንቺ ስላልሆነች አንፎሎው አድርጊያት። ቪዲዮው ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ስታቆዪ «ኖት ኢንተረስትድ» የሚል ይመጣል፣ ተጠቀሚበት። ሙሉ በሙሉ ከተበላሸ ቲክቶክ ሴቲንግ ውስጥ «ፎር ዩ» ገጽን እንደ አዲስ ማስጀመሪያ አለ። ከዚያ በኋላ ሥዕል፣ ሒሳብ፣ ምግብ፣ ኳስ፣ ደስ የሚልሽን ፈልጊ። ስልኩ ካንቺ ይማራል።

መለጠፍ ግዴታ አይደለም። ሳትለጥፊም ጓደኛ ነሽ። ካልለጠፍሽ ጓደኛ የማትሆንሽ ካለች፣ ስለ እሷ ማሰብ ያለብሽ ሌላ ጥያቄ አለ።

ከቴሌግራም ላይ «ማቅያ» ክሬም አዝዛ ስትቀባ አገኘኋት። ጉዳት አለው?

አለው፣ ከባድም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ሦስተኛው እንደ ክሎቤታዞል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። መጀመሪያ ፊቱን ጥርት ያደርገዋል፣ ስለዚህ ይወደዳል። በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ይቆጣል፣ ቡግር ይበዛበታል፣ ፀሐይ አይችልም። በሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱ ተወስኗል። ሱቅና ቴሌግራም ላይ ግን ምን እንዳለበት የማይታወቅ፣ አንዳንዴም «ሚክስ» ተብሎ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ አለ። ጽሑፍ የሌለበትን ነገር ፊት ላይ ማድረግ አይገባም።

ስቴሮይድ ያለበትን ለወራት ስትቀባ ከቆየች በአንድ ጊዜ መተው ፊቷን ሊያቃጥለውና ሊያሳብጠው ይችላል። ክሬሙን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሎሚም አትቀባ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ቡግሩ ካስጨነቃት ጤና ጣቢያና ፋርማሲ ርካሽና የታወቀ መድኃኒት አለ፣ ለውጡ ግን በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው የሚታየው።

እናት ሆይ፣ ከመቆጣትሽ በፊት የራስሽን የመዋቢያ መደርደሪያ ተመልከቺ። ጠይም ሙሽራ ለሠርጓ ስትቀላ ያየች ልጅ የተማረችው ከቲክቶክ ብቻ አይደለም።

ምግብ ቀንሳለች። «እየጾምኩ ነው» ትላለች። እንዴት ልለየው?

ይህ የእኛን አገር ወላጅ የሚገጥመው ከባድ ጥያቄ ነው። ጾም ክቡር ነገር ነው፣ ልጅን «አትጹሚ» ማለትም ለብዙ ቤት አይሆንም። እኔ የማየው ፍስኩን ነው። ፍልሰታን በደስታ ጾማ ነሐሴ 16 ከሁሉም ጋር የምትበላ ልጅ ጾማለች። ሰው ሁሉ ሲፈታ እሷ ምክንያት የምትፈልግ ከሆነ፣ ረመዳን ላይ ለአፍጥር ተቀምጣ ቴምር ብቻ ነክሳ የምትነሣ ከሆነ፣ ነገሩ ከሃይማኖቱ ወጥቷል። የጾም ምግብም ምግብ ነው፤ ሽሮና ምስር በወግ የሚበላ ጾመኛ አይመነምንም።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ከምግብ በኋላ ሽንት ቤት ገብታ መቆየት፣ ማዞር፣ ሁልጊዜ መብረድ፣ የወር አበባ መቅረት፣ በየቀኑ መመዘን። ሁለቱ ሦስቱ ከታዩ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የንስሐ አባት ካላት እሳቸውንም ንገሯቸው። ብዙ አባቶች ለታመመ ጾም እንደማይጸና ይነግሯታል፣ ከእሳቸው አፍ ስትሰማው ደግሞ ይቀላታል።

የማታውቀው ሰው «ቆንጆ ነሽ» እያለ ቀርቧት ፎቶ ላከች። አሁን ያስፈራራታል። ምን እናድርግ?

አትቆጧት። ዛሬ የቁጣ ቀን አይደለም። ሌላ ፎቶ አትላክ፣ ብርም አትክፈሉ። ከፈላችሁ ማለት ተጨማሪ ይጠይቃል ማለት ነው። መልእክቱን አታጥፉ፣ ስክሪን ሾት አድርጋችሁ የሰውዬውን አካውንት ስም መዝግቡ፣ ከዚያ ብሎክና ሪፖርት። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናትን ክፍል ጠይቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕፃናት ላይ የሚፈጸም እንዲህ ያለውን ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ። ከ18 ዓመት በታች ሳለች የተነሣ ፎቶ ትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ እንዳይሠራጭ ይረዳል፤ ፎቶው ራሱ ከስልኳ አይወጣም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚፈልጉት በመልኳ የተከፋችን ልጅ ነው። ላይቭ ላይ፣ ኮሜንት ላይ የትኛዋ ምስጋና እንደተራበች ያውቃሉ። ቲክቶክ ላይቭ ለማስተላለፍ ዕድሜ 18 መሙላት አለበት፣ ልጃችሁ 15 ሆና ላይቭ ከገባች የሆነ ቦታ ዕድሜዋ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሐኪም ጋ የሚያስኬደው መቼ ነው? የትስ እንሂድ?

አንዳንድ ልጅ ላይ ነገሩ ከማፈር ያልፋል። ሌላው ሰው የማያየውን ወይም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን «ጉድለት» በቀን ለሰዓታት ያስባል፣ መስታወት ደጋግሞ ያያል ወይም ጭራሽ ይሸሻል፣ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆማል። ይህ የታወቀ የአእምሮ ሕመም ነው። ከ100 ሰው 2 ያህሉን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው በ12 እና 13 ዓመት አካባቢ ነው። በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት ይሻላል። «መልክሽ ምንም አልሆነም» በማለት ግን አይድንም፣ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምናም አያድነውም።

ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ነው፣ እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፣ ለምሥራቅ ዳር ሰፈሮች እሱ ይቀርባል። «አማኑኤል ሄደች ይባላል» ብሎ የሚፈራ ወላጅ ብዙ ነው። ለጎረቤት መናገር ግዴታ የለባችሁም። ጸበል የምትሄዱ ከሆነም ሂዱ፣ የሐኪሙን ቀጠሮና መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

ስለ መሞት ካወራች፣ ራሷን ከቆረጠች ወይም «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ካለች ቀጠሮ አትጠብቁ። በቀጥታ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። በዚያ ሌሊት ብቻዋን አትተዋት፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ አንሡ፣ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ከቤት ስትወጡ የምትቀባውንና የምትውጠውን ሁሉ በፌስታል ያዙ፣ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል።